የመጀመሪያ የጌም ኮምፒውተርዎን በራስዎ ሲገጥሙ ዕቃዎቹን እንዴት ይመርጣሉ?

«ይህን ፕሮሰሰር ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ጠያቂው በምን ዓይነት ስክሪን እንደሚጫወት አይነግረኝም፤ የትኞቹን ጨዋታዎች እንደሚወድም አይገልጽም፤ አንዳንዱ ደግሞ ማዘርቦርዱን አስቀድሞ ገዝቶ ተቀምጧል። በዚህ ሁኔታ የሚያረካ መልስ መስጠት አይቻልም። አንድ የኮምፒውተር ዕቃ ለብቻው ተነጥሎ ጥሩ ወይም መጥፎ አይባልም፤ ጥሩነቱ የሚታየው ከሌሎቹ ጋር ሲስማማ ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች የማቀርበው የአመራረጡን ቅደም ተከተል ነው። ሞዴሎች በየዓመቱ ይለዋወጣሉ፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይቆያል። እያንዳንዱ ደረጃ ለቀጣዩ የሚያስፈልገውን ቁጥር ይሰጥዎታል። ደረጃ ከዘለሉ በኋላ ተመልሰው ዕቃ ለመቀየር ይገደዳሉ፤ ይህ ደግሞ ገንዘብ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ዋና ዋናዎቹ ዕቃዎች ዘጠኝ ናቸው፦

- ስክሪን
- ግራፊክስ ካርድ፦ የጨዋታውን ምስል የሚሥለው
- ፕሮሰሰር፦ ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው የኮምፒውተሩ አንጎል
- ማዘርቦርድ፦ ሌሎቹ ዕቃዎች ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ
- ራም፦ የሚሠራበትን መረጃ ለጊዜው የሚይዝ ሜሞሪ
- ኤስኤስዲ፦ ዊንዶውስና ጨዋታዎቹ የሚቀመጡበት
- ፓወር ሰፕላይ፦ ለሁሉም ኃይል የሚሰጠው
- የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ
- ኬዝ፦ ሁሉም የሚገጠሙበት ሣጥን

በጀት ሲያወጡ የሚዘነጉት ደግሞ የሚከተሉት ናቸው፦

- ኪቦርድ፣ ማውስና የጆሮ ማዳመጫ
- የዊንዶውስ ፈቃድ፣ እንዲሁም ዊንዶውስን ለመጫን ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ
- ማዘርቦርዱ ዋይፋይ ከሌለው የዋይፋይ መቀበያ ወይም የኔትወርክ ገመድ
- ባለ መስቀል ጫፍ ካቻቢቴ፤ ቁጥር 2 የሚባለው መጠን ለአብዛኛው ብሎን ይሆናል
- ከማቀዝቀዣው ጋር ካልመጣ የፕሮሰሰር ቅባት

ከሁሉም በፊት አንድ ወረቀት ያዘጋጁና በላዩ ላይ ስምንት ባዶ መስመሮች ያስምሩ፦ የግራፊክስ ካርዱ ርዝመት፣ የግራፊክስ ካርዱ ዋት፣ የካርዱ የኃይል መሰኪያ ዓይነት፣ የፕሮሰሰሩ ሶኬት (ማዘርቦርዱ ላይ የሚቀመጥበት መሰኪያ ዓይነት)፣ የፕሮሰሰሩ ዋት፣ የራሙ ዓይነት፣ የማዘርቦርዱ መጠን፣ የማቀዝቀዣው ቁመት። ይህ ወረቀት እስከ መጨረሻው ደረጃ አብሮዎት ይቆያል። ዕቃዎቹ የማይገጣጠሙ መሆናቸው የሚታወቀው ከእነዚህ መስመሮች በአንዱ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ስክሪኑንና ጨዋታዎቹን ይወስኑ

በስክሪን መጀመር ብዙዎችን ይገርማቸዋል። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። ግራፊክስ ካርዱ የሚሠራው ሥራ መጠን የሚወሰነው በስክሪኑ ነው። 1080ፒ የሚባለው ስክሪን 1920 በ1080፣ ማለትም ወደ 2.1 ሚሊዮን ፒክስል አለው። 1440ፒ የሚባለው 2560 በ1440 ሲሆን 3.7 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። 4ኬ ደግሞ 3840 በ2160፣ ማለትም 8.3 ሚሊዮን ያህል ነው። ከ1080ፒ ወደ 4ኬ ሲሸጋገሩ ካርዱ ለእያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም በተከታታይ ለሚታየው ለእያንዳንዱ ምስል የሚሥላቸው ፒክስሎች በአራት እጥፍ ይጨምራሉ ማለት ነው።

ሁለተኛው ቁጥር ኸርዝ ነው። ባለ 60 ኸርዝ ስክሪን በሰከንድ ከ60 በላይ ፍሬም አያሳይም። ካርድዎ 140 ቢሥልም ዓይንዎ የሚያየው ያንኑ 60 ነው። ፈጣን የተኩስና የውድድር ጨዋታ የሚጫወቱ ከሆነ 144 ኸርዝና ከዚያ በላይ ይፈልጉ። ታሪክ ያላቸውና በሥዕል ጥራታቸው የሚማርኩ ጨዋታዎችን የሚወዱ ከሆነ ግን ከኸርዝ ይልቅ ወደ 1440ፒ ማደግ ይጠቅምዎታል። በሁለቱም መንገድ ፍሪሲንክ ወይም ጂሲንክ ያለው ስክሪን ይምረጡ፤ ይህ ስክሪኑ ከካርዱ ፍጥነት ጋር አብሮ እንዲሄድ ስለሚያደርግ ምስሉ ወደ ጎን የተቆረጠ አይመስልም።

ለመጀመሪያ ኮምፒውተር 4ኬ አልመክርም። ሌሎቹን ዕቃዎች ሁሉ አብሮ ወደ ላይ ስለሚጎትት በጀትዎ በአንድ ውሳኔ ያልቃል።

ደረጃ 2፦ ግራፊክስ ካርድ

ለጌም ኮምፒውተር ትልቁ ወጪ ይህ መሆን አለበት። ስክሪኑን ሳይጨምር ከጠቅላላው በጀት ከሲሶ እስከ ግማሽ ድረስ ለካርዱ ቢመድቡ ሚዛኑ የተጠበቀ ይሆናል። ከዚህ በጣም ካነሰ ገንዘቡ ጨዋታ ላይ ለማይታይ ነገር እየዋለ ነው።

መጀመሪያ የካርዱን የራሱን ሜሞሪ፣ ቪራም የሚባለውን ይመልከቱ። ለ1080ፒ ቢያንስ 8 ጊጋባይት፣ ለ1440ፒ ቢያንስ 12 ጊጋባይት ይፈልጉ፤ ካርዱን ለረጅም ዓመታት ለመጠቀም ካሰቡ 16 ጊጋባይት ይሻላል። ቪራም ሲያልቅ ካርዱ የጎደለውን መረጃ በጣም ዘገምተኛ በሆነው በኮምፒውተሩ ራም ላይ ማስቀመጥ ይጀምራል። ውጤቱ ወዲያውኑ ይታያል፦ ጨዋታው በድንገት ይቆምና ይቀጥላል፣ የግድግዳውና የመሬቱ ገጽታ ደብዝዞ ይቀራል። ካርዱ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ይህን አያስቀርም።

እዚህ ላይ ሙሉ ስሙን ማንበብ ግድ ነው። አርቲኤክስ 4060 ቲአይ በ8 ጊጋባይትም በ16 ጊጋባይትም ተሠርቷል። አርኤክስ 9060 ኤክስቲም እንዲሁ። አርቲኤክስ 3060 ባለ 12ም ባለ 8ም አለው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ስም አንድ ስለሆነ ገዢው የሚለየው በትንሹ የተጻፈውን ቁጥር አንብቦ ነው።

የስሙ ቁጥርም ያሳስታል። በኤንቪዲያ አርቲኤክስ ካርዶች የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ትውልዱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ደረጃውን ይነግሩዎታል። አርቲኤክስ 4060 ከአርቲኤክስ 3080 በኋላ ቢመጣም በጉልበት ከእሱ በታች ነው። አዲስ ትውልድ ሁልጊዜ ይበልጣል ብለው አይግዙ።

ካርዶችን ሲያወዳድሩ የሚያነቡት ፈተና በእርስዎ ስክሪን ጥራት የተሠራ ይሁን፤ በ4ኬ የተገኘ ውጤት ለ1080ፒ ተጫዋች ብዙም አይነግረውም። ከአማካይ ፍሬም በተጨማሪ «የታችኛው 1 ከመቶ» የሚባለውን፣ ማለትም ጨዋታው በጣም በዘገየባቸው ቅጽበቶች የታየውን የፍሬም ቁጥር ይፈልጉ። አማካዩ 100 ሆኖ ይህ ቁጥር 30 ከሆነ ጨዋታው አልፎ አልፎ ይንተባተባል። አማካዩ 85፣ የታችኛው ደግሞ 65 የሆነ ካርድ ለዓይን የበለጠ የተረጋጋ ነው።

የኢንቴል አርክ ካርድ ካማረዎት ፕሮሰሰሩና ማዘርቦርዱ ሪሳይዘብል ባር የሚባለውን፣ ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ በሙሉ በአንድ ጊዜ እንዲደርስበት የሚያደርገውን አሠራር መደገፋቸውን ያረጋግጡ። ያለ እሱ የአርክ ካርዶች ጉልበታቸው በእጅጉ ይወርዳል።

ምርጫዎ ሲለይ የካርዱን ርዝመት በሚሊሜትር፣ ዋቱንና የኃይል መሰኪያውን ዓይነት ከአምራቹ ገጽ አውጥተው በወረቀቱ ላይ ይጻፉ። ያው አንድ ሞዴል በተለያዩ አምራቾች ሲሠራ አንዱ ባለ ሁለት ማራገቢያና አጭር፣ ሌላው ባለ ሦስት ማራገቢያና በጣም ረጅም ስለሚሆን የሚገዙትን የዚያኑ ካርድ ልክ ይውሰዱ።

ደረጃ 3፦ ፕሮሰሰር

6 ኮር (የሥራ ክፍል) እና 12 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚያስኬደው የሥራ መስመር) ያለው የቅርብ ትውልድ ፕሮሰሰር ለአብዛኛው ተጫዋች ይበቃል፤ ለምሳሌ የኤኤምዲው ራይዘን 5 7600። ለ1440ፒና ለ4ኬ ስክሪን ሥራው የሚከብደው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ስለሆነ በፕሮሰሰሮች መካከል ያለው ልዩነት እየጠበበ ይሄዳል። ውድ ፕሮሰሰር ገዝቶ ደካማ ካርድ መሰካት በጀማሪዎች ዘንድ በጣም የተለመደው የበጀት ስሕተት ነው።

ሁለት ዓይነት ተጫዋቾች ግን ለፕሮሰሰር ቢጨምሩ ያዋጣቸዋል። አንደኛው በ240 ኸርዝ ስክሪን የሚወዳደር ነው፤ በየሰከንዱ ይህን ያህል ፍሬም ማዘጋጀት የፕሮሰሰሩ ሸክም ነውና። ሁለተኛው ብዙ ከተማ፣ ሠራዊትና አውሮፕላን በአንድ ጊዜ የሚያንቀሳቅሱ የስልትና የማስመሰል ጨዋታዎችን የሚወድ ነው። ለእነዚህ በስማቸው መጨረሻ ኤክስ3ዲ የሚል ያለባቸው የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ተመራጭ ናቸው። ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ እና 9800ኤክስ3ዲ 96 ሜጋባይት ኤል3 ካሽ አላቸው፤ ጨዋታው ደጋግሞ የሚፈልገው መረጃ እዚያው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ስለሚቀመጥ ወደ ራም መመላለሱ ይቀንሳል።

የስሙን የመጨረሻ ፊደል ልብ ይበሉ። ኤፍ ካለበት በውስጡ ግራፊክስ የለውም። ዋጋው ዝቅ ስለሚል መጥፎ ምርጫ አይደለም፤ ነገር ግን ግራፊክስ ካርዱ የተበላሸ ቀን ስክሪኑ ምንም አያሳይም፣ ችግሩ የካርዱ መሆኑን ለይቶ ማወቅም ይከብዳል። የኢንቴል ኬ ማለት ፍጥነቱን ከፍ ማድረግ ይቻላል ማለት ነው፤ ይህን ለመጠቀም በዜድ የሚጀምር ቺፕሴት (የማዘርቦርዱን ችሎታ የሚወስነው ክፍል) ያለው ማዘርቦርድ ያስፈልጋል። ለመጀመሪያ ኮምፒውተር ኬ ላይ መጨመር አያስፈልግም።

ማስጠንቀቂያ፦ የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ጠንካራ ፕሮሰሰሮችን፣ በተለይ ኮር አይ7ንና አይ9ን የሚገዙ ከሆነ ኮምፒውተሩ ተገጥሞ እንደተነሣ ከሌላው ሥራ ሁሉ በፊት ባዮሱን፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያስነሣውን የማዘርቦርዱን ሶፍትዌር ያድሱ። በእነዚህ ፕሮሰሰሮች ላይ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ በመጠየቅ የሚደርስ ዘላቂ ጉዳት ታይቶ ኢንቴል በ2024 ማስተካከያ አውጥቷል። ማስተካከያው የሚከላከል እንጂ አንዴ የደረሰን ጉዳት የሚጠግን አይደለም። ስለዚህ ያገለገለውን ባይገዙ ይመረጣል።

ሶኬቱንና ዋቱን ይጻፉ። ፕሮሰሰሩ ቢበዛ የሚወስደውን ኃይል የሚያሳየውን ቁጥር ይውሰዱ፤ ለኤኤምዲ ፒፒቲ፣ ለኢንቴል ከፍተኛ የቱርቦ ኃይል ይባላል፤ ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቲዲፒ ከእነዚህ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ራይዘን 5 7600 ባለ 65 ዋት ቢባልም እስከ 88 ዋት ይወስዳል።

ደረጃ 4፦ ማዘርቦርድ

ማዘርቦርድ ጨዋታውን አያፈጥንም። ሥራው ሌሎቹን ማገናኘት ስለሆነ የሚመረጠው በመስማማቱ ነው። በመጀመሪያ ሶኬቱ ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ይሁን፦

- ኤኤም4፦ እስከ ራይዘን 5000፤ ዲዲአር4 ራም ብቻ
- ኤኤም5፦ ራይዘን 7000፣ 8000 እና 9000፤ ዲዲአር5 ራም ብቻ
- ኤልጂኤ1700፦ ኢንቴል 12ኛ፣ 13ኛና 14ኛ ትውልድ፤ እንደ ማዘርቦርዱ ዲዲአር4 ወይም ዲዲአር5
- ኤልጂኤ1851፦ ኮር አልትራ 200፤ ዲዲአር5

ኤልጂኤ1700 ላይ ይጠንቀቁ። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ማዘርቦርዶች አንዱ ዲዲአር4፣ ሌላው ዲዲአር5 ሊሆን ይችላል። የሁለቱ ራም ጥርስ የተቆረጠበት ቦታ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ ተጭኖ ለማስገባት መሞከር መሰኪያውን ይሰብራል።

በመካከለኛ በጀት ለኤኤም5 ቢ650 ወይም ቢ850፣ ለኤልጂኤ1700 ቢ760 የሚሉት ቺፕሴቶች በቂ ናቸው። ከዚያ በላይ የሚጨመረው ገንዘብ ወደ ተጨማሪ መሰኪያዎች ስለሚሄድ ለካርዱ ቢውል ይሻላል። ለቅናሽ ሲባል ግን በፕሮሰሰሩ ዙሪያ ያለው የኃይል ማስተካከያ ክፍል የሙቀት መበተኛ ብረት የሌለበትን ማዘርቦርድ ከከባድ ፕሮሰሰር ጋር አያጣምሩ። ክፍሉ ሲግል ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ለመቀነስ ይገደዳል።

ዋይፋይ መኖሩን፣ ስንት የኤም2 መሰኪያ (ኤስኤስዲ የሚገባበት) እንዳለውና ከኋላ ያሉት የዩኤስቢ ቀዳዳዎች ለዕቃዎችዎ መብቃታቸውን ይመልከቱ። ከሁሉ በላይ የምፈልገው ግን ከኋላ የምትገኘውን ትንሽ ቁልፍ፣ ባዮስ ፍላሽባክ የምትባለውን ነው። ከፕሮሰሰሩ በፊት የተመረተ ማዘርቦርድ ፕሮሰሰሩን ላያውቀው ይችላል፤ ለምሳሌ ራይዘን 9000 ከመውጣቱ በፊት የተመረተ ቢ650 ባዮሱ ካልታደሰ አያስነሣውም። ይህች ቁልፍ ካለች አዲሱን ባዮስ በፍላሽ አድርጎ ያለ ፕሮሰሰር ማደስ ይቻላል። ከሌለች የቆየ ፕሮሰሰር መዋስ ሊኖርብዎ ነው።

የማዘርቦርዱን መጠን ይጻፉ፦ ኤቲኤክስ 305 በ244 ሚሊሜትር፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ እስከ 244 በ244፣ ሚኒ አይቲኤክስ 170 በ170 ነው። ለጀማሪ እጅ የሚመቹት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው።

ደረጃ 5፦ ራም

16 ጊጋባይት ዝቅተኛው ነው፤ 32 ጊጋባይት ለዓመታት ያኖርዎታል። 16ም ይሁን 32 ሁለት እኩል ሆነው በአንድ ካርቶን የታሸጉትን ይግዙ። ራሙ ሁለት ሲሆን ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር በአንድ ጊዜ መረጃ ይቀበላል፤ አንድ ብቻ ሲሰካ ግማሹ መንገድ ተዘግቶ ይቀራል፣ በጨዋታም ላይ በግልጽ ይታወቃል። «አሁን አንድ፣ በኋላ ሌላ» የሚለውን ሐሳብ ይተዉ፤ ለየብቻ የተገዙ ራሞች የማይስማሙበት ጊዜ ብዙ ነው። አራቱንም ቦታ መሙላትም በዲዲአር5 ላይ ፍጥነቱን ዝቅ ስለሚያደርግ ጥቅም የለውም።

ለኤኤም5 በፍጥነቱ 6000፣ በሲኤል ቁጥሩ (የራሙን መዘግየት በሚያሳየው፣ ሲያንስ በሚሻለው) 30 ወይም 36 የሆነ ዲዲአር5፣ ለኤኤም4 ደግሞ 3200 ወይም 3600 የሆነ ዲዲአር4 ይፈልጉ። ከዚያ በላይ ፈጣን የሆነውን መግዛት ለዋጋው የሚመጥን ለውጥ አያመጣም።

ደረጃ 6፦ ኤስኤስዲ

ኤም2 2280 የሚባለውን ቅርጽ፣ ኤንቪኤምኢ የሚባለውን ፈጣኑን ዓይነት፣ ባለ 1 ቴራባይት ይግዙ። ከ100 ጊጋባይት በላይ የሚወስዱ ጨዋታዎች ስላሉ 500 ጊጋባይት ቶሎ ይሞላል። ሳታ በሚባለው የቆየ መስመር የሚሠራ ኤስኤስዲ በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፤ ፒሲአይኢ 4 በሚባለው አዲስ መስመር የሚሠራው ኤንቪኤምኢ እስከ 7000 ይደርሳል። ፒሲአይኢ 5 ከዚህ ቢፈጥንም ጨዋታ ሲከፈት ልዩነቱ ስለማይሰማ ገንዘቡን ለትልቅ መጠን ያውሉት።

ደረጃ 7፦ ፓወር ሰፕላይ

ሰዎች በጀታቸው ሲያልቅ የሚቆርጡት ከዚህ ነው፤ ይህ ደግሞ ፈጽሞ መቆረጥ የሌለበት ዕቃ ነው። ሌላው ዕቃ ሲበላሽ ራሱ ብቻ ይበላሻል። መጥፎ ፓወር ሰፕላይ ግን ሲሞት አብሮት ካርዱንም ማዘርቦርዱንም ሊወስድ ይችላል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የካርዱን ዋትና የፕሮሰሰሩን ዋት ይደምሩ፤ ለማራገቢያዎች፣ ለኤስኤስዲና ለማዘርቦርድ 75 ዋት ይጨምሩ፤ የተገኘውን በ1.6 ያባዙ። አርቲኤክስ 4070 200 ዋት፣ ራይዘን 5 7600 88 ዋት ነው፤ ከ75 ጋር ሲደመር 363፣ በ1.6 ሲባዛ 580 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ባለ 650 ዋት ይገዛሉ። ትርፉ የሚያስፈልገው የዘመኑ ካርዶች ለቅጽበት ከተጻፈባቸው ዋት በጣም የበለጠ ስለሚስቡ ነው። ጨዋታው መሐል ላይ ኮምፒውተሩ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ የሚጠፋ ከሆነ አንዱ ተጠርጣሪ ይኸው ነው።

ዋት ብቻውን ግን ጥራትን አይነግርዎትም። 80 ፕላስ ብሮንዝ ወይም ጎልድ የሚለው ምልክት የሚያሳየው ከግድግዳው ከተሳበው ኃይል ምን ያህሉ ሳይባክን እንደሚደርስ ነው፤ የመከላከያ ሥርዓቱን አይመሰክርም። ስለዚህ ስለዚያው ሞዴል የተጻፈ ዝርዝር ፍተሻ ያንብቡ፤ የዋስትናውንም ዘመን ይዩ። 7 ወይም 10 ዓመት ዋስትና የሚሰጥ አምራች በዕቃው ይተማመናል።

የኃይል ገመዶቹን ከካርዱ ጋር ያመሳክሩ። ማዘርቦርዱ ራሱ ለካርዱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ባለ 8 ፒን ገመድ 150 ዋት ይጨምራል። ባለ 16 ፒን መሰኪያ ያለው ካርድ ከመረጡ ይህ ገመድ የራሱ የሆነውን ኤቲኤክስ 3.0 ወይም 3.1 ፓወር ሰፕላይ ይግዙ።

ደረጃ 8፦ ማቀዝቀዣና ኬዝ

ለ65 ዋት ፕሮሰሰር ከካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ማቀዝቀዣ ያገለግላል፤ ድምፁ ግን ከፍ ይላል። ብዙዎቹ ጠንካራ ፕሮሰሰሮች ያለ ማቀዝቀዣ ስለሚሸጡ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ባለ 120 ሚሊሜትር ማራገቢያ የሆነ ጥሩ የአየር ማቀዝቀዣ ለአብዛኛው የጌም ኮምፒውተር በቂ ነው። በውኃ የሚያቀዘቅዘው ብዙ ሙቀት ለሚያወጡ ፕሮሰሰሮች ይጠቅማል፤ በሌላው ላይ ዋናው ልዩነት መልኩ ነው። ሶኬትዎን የሚደግፍ መሆኑንና ቁመቱን ይመልከቱ፤ ትልልቆቹ ከ155 እስከ 165 ሚሊሜትር ይሆናሉ።

አሁን ወረቀቱ ለኬዙ ዝግጁ ነው። ኬዙ የሚፈቅደው የካርድ ርዝመት ከካርድዎ ቢያንስ በ20 ሚሊሜትር ይብለጥ፤ ገመድ መታጠፊያም ይፈልጋልና። ከፊት የውኃ ማቀዝቀዣ የሚገጥሙ ከሆነ ውፍረቱን ከዚሁ ርዝመት ይቀንሱ። የፊት ገጹ ወንፊት የሆነውን ይምረጡ። ሙሉ መስታወት ፊት ያለውና አየር የሚያስገባበት ሌላ ሰፊ ቦታ የሌለው ኬዝ ሲታይ ያምራል፤ ነገር ግን ካርዱ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል፣ ማራገቢያዎቹም ይጮኻሉ። ከፊት ሁለት አስገቢ፣ ከኋላ አንድ አስወጪ ማራገቢያ ጥሩ መነሻ ነው።

ደረጃ 9፦ ከመክፈልዎ በፊት

ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ያንብቡ። ሶኬት ከሶኬት፣ ራም ከማዘርቦርድ፣ ርዝመት ከኬዝ፣ ቁመት ከኬዝ፣ ዋት ከፓወር ሰፕላይ፣ ገመድ ከካርድ ይስማማል? ከዚያ ወደ ማዘርቦርዱ አምራች ገጽ ይሂዱና የፕሮሰሰርዎ ስም በሚደገፉት ዝርዝር ውስጥ መኖሩን፣ ከየትኛው የባዮስ ቁጥር ጀምሮ እንደሆነም ይመልከቱ።

ሁሉንም በአንድ ሰሞን ይግዙ። በየወሩ አንድ አንድ ዕቃ እያጠራቀሙ መግዛት ቀላል ቢመስልም የመጀመሪያው ዕቃ ሳይሞከር የመመለሻ ጊዜው ያልፋል፤ ብልሽት ቢኖረው የሚታወቀው የመጨረሻው ዕቃ ሲመጣ ነው። ይልቁንስ ገንዘቡን ያጠራቅሙ።

ማስጠንቀቂያዎች

የአንዱን ፓወር ሰፕላይ ገመድ በሌላው ላይ በፍጹም አይሰኩ። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የፒን አሰላለፍ ከአምራች አምራች፣ አንዳንዴም ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። ገመዱ በትክክል ይገባል፤ ኃይሉ ሲለቀቅ ግን ኤስኤስዲውን ወይም ካርዱን ያቃጥላል።

ባለ 16 ፒኑን ገመድ እስከ መጨረሻው ድረስ ይግፉት፤ በመሰኪያውና በካርዱ መካከል ምንም ክፍተት መታየት የለበትም። ከመሰኪያው አጠገብም ገመዱ እንዲታጠፍ አያድርጉ። በከፊል የገባ ገመድ ይግላል፤ ቀልጦም ያውቃል።

ከኋላው 115 እና 230 የሚል ማብሪያ ያለበት ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ካጋጠመዎት ማብሪያው ከአገልግሎት መስመርዎ ቮልቴጅ ጋር ሳይስማማ አይሰኩት።

ፓወር ሰፕላይን ፈትተው አይክፈቱ። ከግድግዳው ከተነቀለም በኋላ በውስጡ አደገኛ ኃይል ይቆያል።

ያገለገለ ዕቃ የሚገዙ ከሆነ

በደረጃ 3 ካስጠነቀቅኩባቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በስተቀር ፕሮሰሰር፣ ራምና ኬዝ ያገለገሉ ቢሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የላቸውም። የኤኤም4 ፕሮሰሰር ከሆነ ከሥሩ ያሉት ፒኖች አለመታጠፋቸውን በብርሃን ይዩ፤ በኤኤም5ና በኢንቴል ግን ፒኖቹ ያሉት ማዘርቦርዱ ላይ ስለሆነ ሶኬቱን ይመርምሩ። ግራፊክስ ካርድ ሲሆን ከመክፈልዎ በፊት ከባድ ጨዋታ ከፍተው ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ያስሩጡት፤ ብዙ ብልሽቶች የሚወጡት ካርዱ ሲሞቅ ነው። ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ አይግዙ።

ዕቃው ሳይሆን አገጣጠሙ የሚጠየቅባቸው የተለመዱ ስሕተቶች

«ካርዱ ደካማ ሆነብኝ» የሚሉኝን ሰዎች መጀመሪያ የምጠይቃቸው የስክሪኑ ገመድ የት እንደተሰካ ነው። ገመዱ ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ በሚገኘው በካርዱ ላይ መሰካት አለበት። ማዘርቦርዱ ላይ ሲሰካ ጨዋታውን ሊያስኬድ የሚችለው የፕሮሰሰሩ ትንሽ ግራፊክስ ነው።

ባለ 144 ኸርዝ ስክሪን ተገዝቶ ዊንዶውስ በ60 ላይ ሊተወው ይችላል። የማሳያ ቅንብር ውስጥ ገብተው በእጅዎ ይቀይሩት።

ራሙ ካርቶኑ ላይ በተጻፈው ፍጥነት በራሱ አይሠራም። ባለ 6000 ራም ባዮስ ውስጥ ኤክስፖ ወይም ኤክስኤምፒ የሚባለው የራም ፍጥነት ቅንብር ካልተከፈተ 4800 ላይ ሊሠራ ይችላል። ሁለት ራም በአራት ቦታ ሲሰኩ ደግሞ ከፕሮሰሰሩ ተነሥተው ሲቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ይሁን፤ የማዘርቦርዱ መጽሐፍ ያረጋግጥልዎታል።

የፕሮሰሰሩ ኃይል ገመድና የካርዱ ኃይል ገመድ ሁለቱም ባለ 8 ፒን ስለሆኑ ይምታታሉ። የፕሮሰሰሩ አራትና አራት ሆኖ ይከፈላል፤ የካርዱ ስድስትና ሁለት ሆኖ ይከፈላል። እንቢ ካለ አይጫኑት፤ የተሳሳተው ገመድ ነው።

ሙቀቱ ከፍ ካለ ማቀዝቀዣውን ያንሡና ሥሩን ይመልከቱ። ፕሮሰሰሩን የሚነካው ብረት ላይ ተለጥፎ የሚመጣው ቀጭን ላስቲክ ሳይላጥ የተገጠመ ማቀዝቀዣ ብዙ ነው።

በመጨረሻም ኤኤም5 ኮምፒውተር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ለደቂቃዎች ሊቆይ ይችላል። ማራገቢያዎቹ ይዞራሉ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ዲራም ተብሎ ከተጻፈበት አጠገብ ያለችው ትንሽ መብራት ትበራለች፣ ሌላ ምንም አይታይም። ማዘርቦርዱ ራሙን እየለካና እየተለማመደው ስለሆነ አያጥፉት፤ እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ይታገሡት። ከዚያም በኋላ ምስል ካልመጣ ያጥፉት፣ አንዱን ራም ብቻ በሁለተኛው ቦታ ላይ ይሰኩና እንደገና ያብሩት።